የጽድ ዛፍና ማንም ያላሰበው ጥፋት

አንድ ሰው ባልንጀራውን ለመጉዳት አስቦ ጉዳት ቢያደርስ በደለኛ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ኅሊናን የሚያስጨንቀው ሌላው ዓይነት ጉዳት ነው፤ ይኸውም ማንም ሳያስበው፣ ማንም ሳይፈልገው፣ አንዳንድ ጊዜም በጎ ሥራ በመሥራት ላይ ሳለ የሚደርሰው ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ባለቤት አለውን? ወይስ «ሳይታወቅ የሆነ ነው» ተብሎ በዚያው ይዘጋል? ይህን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ተባይና በጽድ ዛፍ ምክንያት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ጽድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የደጋ ሰው ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም የሠራው በእርሱ ነው፤ ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው የአጥር ቋሚና የበር መቃን አድርጎት ኖሯል። ዛፉ ከዐረብ ልሳነ ምድር ተራሮች ጀምሮ በአገራችን ደጋዎች አልፎ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ድረስ ይበቅላል። በመናገሻ ሱባ የሚገኘውን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጽድ ዕድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ የሚተክለው ሰው ምሰሶውን አያየውም፤ የሚተክለው ለማያውቀው ሰው ነው።

ከዚህ አገር በቀል ዛፍ ጎን ለጎን የሚታየው ዘመዱ የፈረንጅ ጽድ ግን ትውልዱ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ባለፈው መቶ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ሁሉ በስፋት ተተከለ። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለሳንቃና ለማገር ይሆናል፣ ሲከረከም ያማረ አጥር ይወጣዋል። በብዙ ቁምስናዎችና የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ግቢ ዙሪያ ተሰልፎ የምናየው እርሱ ነው። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ቶሎ የሚደርስ እንጨት ለድሃ ሕዝብ መስጠታቸው ነበር። ይህ በጎ ሥራ መሆኑን ዛሬም አንክድም።

በ1986 በማላዊ የፈረንጅ ጽድ ዛፎች ላይ ከዚያ በፊት በአካባቢው ያልታየች ተባይ ተገኘች። ገበሬዎቻችን በአተርና በገብስ ላይ የሚያውቁት ክሽክሽ ወገን ስትሆን፣ ቡናማ መልክ ያላት፣ በቅርንጫፍ ላይ በመንጋ ተለጥፋ የዛፉን ፈሳሽ የምትመጥ ናት። ስትመጥ የምትተፋው ምራቅ ዛፉን ይመርዘዋል። ቅጠሉ እሳት እንደ ለበለበው ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ከውስጥ ወደ ውጭ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከእርሷ በሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል። በአፍሪካ የሚገኙት ሁሉ እንስት ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ እንቁላል ሳይጥሉም ሕያዋን ልጆችን ይወልዳሉ። ስለዚህ አንድን አገር ለመውረር አንዲቷ ብቻ ትበቃለች ማለት ነው። ገሚሷ በነፋስ፣ ገሚሷ ከችግኝ ጋር እየተጓዘች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታንዛንያን፣ ቡሩንዲን፣ ሩዋንዳን፣ ኡጋንዳን አዳረሰች፤ በ1990 ኬንያ ደረሰች። እስከዚያው ዓመት ድረስ በአፍሪካ የገደለቻቸው ዛፎች ዋጋ 44 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚሆን ባለሞያዎች ገምተዋል፤ በእድገት መቀነስ ብቻ በየዓመቱ የሚጠፋውም ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተብሎ ተቆጥሯል። አገራችንም ተባይዋ ከተዛመተችባቸው አገሮች ተርታ ተመዝግባለች።

በዶላር የተቆጠረው ግን የተተከለው ዛፍ ነው። ተባይዋ የፈረንጁን ከአገሬው አትለይም፤ የእኛን ጽድም ትመጣለች። በማላዊ ደግሞ ከሙላንጄ ተራራ በቀር በየትም የዓለም ክፍል በተፈጥሮው የማይበቅል፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ዛፍ የሆነ ዝርያ አለ። በመጥረቢያና በእሳት አስቀድሞ የተመናመነውን ይህን ዛፍ ክሽክሿ ተጨምራ አጎሳቆለችው። የዚህ ዛፍ ሞት በየትኛው ዶላር ይቆጠራል?

ተባይዋን ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ከሌላ ዘመዷ ጋር ሲያምታቷት ቆይተው በ1999 ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን ለዩ፤ ትርጉሙ «ጽድ በሊታ» የሆነ የላቲን ስምም ሰጧት። የትውልድ አገሯም ከግሪክ ምሥራቃዊ ክፍል ጀምሮ እስከ ካስፕያን ባሕር ደቡብ ድረስ ያለው ምድር እንደ ሆነ ይታመናል። ወደ ማላዊ እንዴት እንደ መጣች ያየ ሰው የለም። በሆነ ችግኝ ወይም በሆነ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ሳትመጣ አልቀረችም፤ ያንን ችግኝ የያዘውም ሰው ምን እንደ ያዘ አላወቀም።

ምእመናን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣሉ። አንደኛው «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ማን ያመጣዋል፤ ነፋስ ያመጣው ነው» የሚለው ነው። ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሁለቱም ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። የመጀመሪያው ጉዳዩን ለሰማይ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ለማንም አይተወውም። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አያስኬዱም።

አስቀድመን ስለ ፍጥረቷ እንናገር። ክሽክሽ ክፉ ፍጥረት ናትን? ቅዱስ አጎስጢኖስ ከማኒ ተከታዮች ጋር በነበረው ረጅም ክርክር ያስተማረው፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደ ራሷ የያዘችው ትምህርት፣ ክፋት ራሱን የቻለ ነገር እንዳልሆነና መኖር የሚገባው መልካም ነገር መጉደል እንደ ሆነ ነው። እግዚአብሔር ከፈጠረው መካከል በባሕርዩ ክፉ የሆነ የለም። ይህች ክሽክሽ በትውልድ አገሯ የሚበሏት ፍጥረታት አሏት፤ ዛፎቹም ከእርሷ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረው መቋቋምን ለምደዋል። በዚያ ከምግብ ሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ናት። በማላዊና በኬንያ ጥፋት የሆነችው ባሕርይዋ ተለውጦ ሳይሆን ከሥርዓቷ ተነቅላ፣ የሚገታት ወደሌለበት ስለ ተወሰደች ነው። ጉድለቱ ያለው በእርሷ ውስጥ አይደለም፤ በተቋረጠው ሥርዓት ላይ ነው። ሥርዓቱን ያቋረጠችው ደግሞ ራሷ አይደለችም፤ ክንፍ ቢኖራትም ካስፕያንን ከሙላንጄ የለየውን ምድርና ባሕር በራሷ አታቋርጥም።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር ማሳሰብ ግዴታችን ነው። ስለ ዕፅዋት ስንናገር «አገር በቀል» እና «መጤ» የሚሉትን ቃላት እንጠቀማለን፤ ለዕፅዋት ተገቢ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ከዛፍ ወደ ሰው ሲሻገሩ ምን እንደሚያደርጉ በአገራችን ያላየ የለም። በ1994 በሩዋንዳ ሰዎች አስቀድመው በሬዲዮ «በረሮ» ተብለው ተጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቃል። ሰው የእግዚአብሔር አምሳል ነው፤ በየትኛውም ምድር ላይ ተባይ ሊባል አይችልም። ሰባክያንም ለስብከት ማጣፈጫ ብለው ይህን ምሳሌ ከደን ወደ ሕዝብ እንዳያሻግሩት አጥብቀን እንለምናለን። በዕፅዋት መካከል እንኳ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ጠንቅ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ስለ እርሱ የሚነሣው ክርክር እንዳለ ሆኖ የስንቱን ቤት ጣሪያ ተሸክሟል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የግብረ ገብ ነገረ መለኮት ስለ አለማወቅ ሲያስተምር ልዩነት ያደርጋል። አንድ ሰው በዘመኑና በሁኔታው ሊያውቀው ያልቻለው ነገር አለ፤ ይህ ሊያሸንፉት የማይቻል አለማወቅ ይባላል፤ ከበደልም ነጻ ያወጣል። ጠይቆ ሊረዳው ሲችል ሳይጠይቅ የቀረው ደግሞ ሊያሸንፉት የሚቻል አለማወቅ ነው፤ ይህ በደሉን ቢያቀልለውም አይሰርዘውም። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ባውቅ ያስጨንቀኛል፣ ሥራዬንም ያስተጓጉልብኛል በማለት ሆን ብሎ የሚፈለግ አለማወቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ በገበሬ ቋንቋ አስቀምጦታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው፣ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል የበሬው ባለቤት ንጹሕ ነው። በሬው ወጊ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ይጠየቃል (ዘጸ. 21፣28-29)። በሬው በሁለቱም ጊዜ ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም አልረዘመም። የተለወጠው ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር ነው።

እንግዲህ በ1986 ወይም ከዚያ በፊት ያንን ችግኝ ያጓጓዘው ሰው በመጀመሪያው ሕግ ሥር ነው ብንል የሚከራከረን አይኖርም። ዛሬ ችግኝ የሚያጓጉዝ ሰውና ድርጅትስ? ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት በ1951 በሮም ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በ2002 በዚያው ስምምነት ሥር በወጣው ደንብ መሠረት ለዓለም አቀፍ ንግድ ማሸጊያ የሚሆን እንጨት በሙቀት ሲታከም እስከ ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስና በዚያው ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል፤ በፓሌትና በሣጥን ላይ ታትሞ የምናየው የስንዴ ዘለላ የመሰለ ምልክት የዚሁ ማረጋገጫ ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው በሬው ወጊ መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር በሻንጣ ሥር ደብቆ የአበባ ቅጥይ ወይም የዛፍ ችግኝ የሚያመጣ ዘመዳችን፣ የጉምሩክ ሠራተኛውን ማታለሉን እንደ ብልኀት ቢያወራልንም፣ «ሳላውቅ ነው» የሚለው ቃል እንደ 1986ቱ ሰው ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

ነገር ግን አለማወቅ ከበደል ነጻ ያወጣል ማለት ከዕዳም ነጻ ያወጣል ማለት ነውን? የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። እኛ እንደሚመስለን በደልና ዕዳ ሁለት ናቸው። በዚያው በኦሪት ዘጸአት በሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እሳት የተነገረ ሕግ አለ። አንድ ሰው በእርሻው ላይ እሳት ለኩሶ እሳቱ እሾኽ ይዞ የጎረቤቱን ክምር ቢያቃጥል፣ እሳቱን የለኰሰው ይከፍላል። ሕጉ ስለ ክፋቱ አይጠይቅም፤ ምናልባት እርሻውን እያጸዳ ነበር፤ ምናልባት ነፋሱ ድንገት ተነሥቶበት ይሆናል። ክፉ ሰው ነው አልተባለም፤ ይክፈል ብቻ ተባለ። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከእጁ በድንገት አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የሰው ሕግም የእግዚአብሔርም ሕግ የሚስማሙበት ምክንያት አላቸው፤ ጉዳቱ ደርሷልና አንድ ሰው መሸከም አለበት፤ ምንም ያላደረገው ጎረቤት ከሚሸከመው ይልቅ እሳቱ የጠቀመው ቢሸከመው ፍትሕ ነው።

ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ወደ ካህን ቀርቦ «ከዓመታት በፊት ችግኝ አምጥቼ ነበር፤ አሁን የመንደሩ ጽድ ሁሉ እየደረቀ ነው፤ ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» ቢል፣ በእውነት ሳያውቅ ያደረገው ከሆነ ካህኑ ኃጢአት የለብህም ሊለው ይገባል። በከንቱ የሚጨነቅን ኅሊና ማሳረፍ የካህን ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ቢያሰናብተው ግማሹን ብቻ ነገረው እንላለን። የቀረው ግማሽ «መንደሩ የሚያደርገውን ጥረት አግዝ፤ የታመመውን ዛፍ ለይ፤ ያየኸውን ለግብርና ጽሕፈት ቤት ተናገር» የሚለው ነው። ይህ የንስሓ ቅጣት አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

ዕዳው ለማን ነው? ለዛፉ ነውን? አንዳንዶች ዛፍም እንደ ሰው መብት አለው ይላሉ። እኛ እስከዚያ አንሄድም፤ ፍትሕ በትክክለኛ ትርጉሙ በአካላት መካከል የሚኖር ነው፤ ዛፍ ደግሞ አካል አይደለም። ይሁን እንጂ ዛፍ ባለ መብት ስላልሆነ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ምድርና መላዋ የእግዚአብሔር ናቸው (መዝ. 23(24)፣1)፤ አዳምም በገነት የተቀመጠው ሊያለማትና ሊጠብቃት ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እግዚአብሔር ብዙ ዓይነት ፍጥረታትን ለምን እንደ ፈጠረ ሲያብራራ፣ የእርሱን ቸርነት አንድ ፍጥረት ብቻውን ሊያንጸባርቅ ስለማይችል አንዱ ያጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ነው ይላል። በዚህ አስተሳሰብ ከሄድን የሙላንጄው ዛፍ ፈጽሞ ሲጠፋ ስለ ፈጣሪ ይናገር ከነበረው መካከል አንድ ድምፅ ጸጥ ይላል፤ ምትክ ሳንቃ ከየትም ቢመጣ ያ ድምፅ አይመለስም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ ዝርያዎች መጥፋት ያዘኑት በዚህ መንፈስ ነው። ስለዚህ ዕዳው በመጀመሪያ ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር፣ ቀጥሎም ከደኑ ውኃና ጥላ ለሚያገኘው ሕዝብ፣ ገና ላልተወለዱትም ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ዕዳው እንዴት ይከፈላል? ክሽክሿን በመድኃኒት እየረጩ በተራራና በገደል ላይ ካለ ደን ማስወጣት አይሞከርም፤ መድኃኒቱም ንቡን ሁሉ ይፈጃል። የቀረው መንገድ ከትውልድ አገሯ ወይም ዘመዶቿ ካሉበት ጠላቷን ማምጣት ነው። በማላዊ ይህ ተደርጓል፤ በ1994 ከአውሮጳ የመጣች፣ እንቁላሏን በክሽክሿ ሆድ ውስጥ የምትጥል፣ እጭዋም ክሽክሿን ከውስጥ እየበላ የሚያድግ ጥቃቅን ተርብ በደኑ ውስጥ ተለቀቀች። ግን አንድ እንግዳ ያመጣውን ጥፋት በሌላ እንግዳ ለመመለስ መሞከር ትክክል ነውን? ለዚህ መልስ ከአፍሪካ ወጣ ብለን የሁለት ትንንሽ ደሴቶችን ታሪክ ማየት ይጠቅማል፤ ደሴት ጠባብ ስለ ሆነች በትልቅ አገር የሚሰወረው በእርሷ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያዋ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ቤርሙዳ ናት። የእኛ ጽድ የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ከዚያ በቀር የትም ተወላጅ ያልሆነ የጽድ ዝርያ ደሴቶቹን ሸፍኖ ይኖር ነበር፤ ሰፋሪዎቹ መርከባቸውን፣ ቤታቸውን፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዕቃ ከእርሱ ሠርተዋል። በ1940ዎቹ ከአሜሪካ ምድር ከመጡ የጌጥ ተክሎች ጋር ሳይሆን አይቀርም ሁለት ዓይነት፣ እንደ ቅርፊት በዛፍ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ተባዮች ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ጽድ ደረቀ። መንግሥት ተባዮቹን የሚበሉ፣ ጀርባቸው ክብ የሆነ ትንንሽ ጥንዚዛዎችን አስመጣ። ጥንዚዛዎቹን ግን እንሽላሊቶች በሏቸው። እንሽላሊቶቹም ራሳቸው በ1905 የፍራፍሬ ዝንብ እንዲያጠፉ ከጃማይካ የመጡ ነበሩ። እንሽላሊቶቹን እንዲበላ ተብሎ በ1957 ከትሪኒዳድ አንድ ዓይነት ወፍ መጣ። ወፉ እንሽላሊቱን ትቶ ፍራፍሬውንና የሌሎቹን ወፎች ጫጩት መረጠ፤ ዛሬም በዚያው አለ። በደረቀው ጽድ ቦታ ነፋስ እንዲከላከል ተብሎ የተተከለው፣ እኛ ሸውሸዌ የምንለው የአውስትራልያ ዛፍም በተራው ሌላውን አላስበቅል አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጽዱን ለማትረፍ የረዳው በሽታውን ተቋቁመው የቀሩት ጥቂት ዛፎች ናቸው፤ ከእነርሱ ዘር እየተለቀመ እንደ ገና ተተከለ።

ሁለተኛዋ ናፖሌዎን በግዞት የሞተባት ቅድስት ሔለና ናት። በዚያችም ከዓለም ሁሉ በእርሷ ላይ ብቻ የሚበቅል፣ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሺህ ገደማ ብቻ የቀረ ዛፍ ነበር። ነጭ ሰም የለበሰች፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ተባይ ያዘችው፤ እስከ 1993 ድረስ ከመቶ በላይ ዛፎች ሞቱ። በዚያ ዓመት ከኬንያ የተወሰደች አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ በደሴቷ ተለቀቀች። ጥንዚዛዋ ወደ ኬንያም የመጣችው ለዚሁ ሥራ ነበር። በ1995 ተባይዋን በዛፎቹ ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ዛፉም ከመጥፋት ተረፈ።

መሣሪያው በሁለቱም ደሴቶች አንድ ነው፤ ፍጥረትን በፍጥረት መግታት። ሐሳቡም በሁለቱም በጎ ነው። ልዩነቱ ያለው በአስተውሎ ነው እንላለን፤ ቅዱስ ቶማስ የምግባራት ሁሉ መሪ ባደረገው በዚያ ምግባር። በቅድስት ሔለና ጥንዚዛዋ ከመለቀቋ በፊት ምን እንደምትበላና ምን እንደማትበላ በቤተ ሙከራ ተመርምሯል፤ የምትራባው በተባይዋ ላይ መሆኑና በደሴቷ ለተባይዋ የሚቀርብ የአገር ተወላጅ ፍጥረት አለመኖሩ ተረጋግጧል። በቤርሙዳ ግን አንዱ ስሕተት ሌላውን እየጠራ፣ እያንዳንዱ መፍትሔ ያለፈውን ብቻ እያየ ሄደ። ዕዳ ለመክፈል የሚቸኩል ሰው ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ እንደሚከፍለው መሆኑ ነው። በእኛ አስተያየት እንግዳን ፍጥረት ማምጣት በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ ሳይመረምሩ ማምጣት ግን፣ ዛሬ የመመርመሪያው መንገድ እያለ፣ ያንን ሊያሸንፉት የሚቻለውን አለማወቅ መምረጥ ነው። ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያትም ብዙ ጊዜ አያሳምንም፤ ዛፉ እየሞተ ሳለ አንድ ዓመት መመርመር ልብ ያደማል፤ የማይመለስ ነገር ሲለቀቅ ግን አንድ ዓመት ብዙ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለባለሞያዎች የሚተው ይመስል ይሆናል፤ አይደለም። ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ችግኝ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ በየክረምቱ እናያለን፤ ቁምስናዎቻችንም፣ የወጣት ማኅበራትም፣ ትምህርት ቤቶቻችንም በዚህ ይካፈላሉ። መካፈላቸው መልካም ነው። ጥያቄው ችግኙ ከየትኛው ጣቢያ እንደ መጣ፣ ቅርንጫፉን ገልጦ ውስጡን ያየ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ክሽክሽ የምትደበቀው በውስጠኛው ክፍል ነው፤ ከውጭ አረንጓዴ የሆነ ችግኝ ውስጡ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ዲግሪ ሳይሆን ሁለት ዓይንና ጥቂት ደቂቃ ነው።

በግቢያቸው ያለው የፈረንጅ ጽድ አጥር መድረቅ የጀመረባቸው ቁምስናዎችም አሉ። አጥሩ ይቆረጥ ወይስ ይጠበቅ የሚለውን የቁምስናው ምክር ቤት ከአካባቢው የግብርና ባለሞያ ጋር ሆኖ ይወስን። መቆረጡ ከተወሰነ ግን ተባይ ያለበት ቅርንጫፍ በጋሪ ተጭኖ ለማገዶ ወደ ሌላ መንደር አይሂድ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ይወገድ። በምትኩም ያንኑ አንድ ዓይነት ዛፍ እንደ ገና በረድፍ ከመደርደር ይልቅ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን፣ ጽዱንም ከቅርብ ደን በተለቀመ ዘር አፍልቶ እየቀላቀሉ መትከል ይሻላል። አጥሩ እንደ ቀድሞው ያማረ አይሆንም፤ ለመድረስም ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያው ድረስ ከብት እንዳይገባ እሾኽ ማጠርና ዘበኛ መቅጠር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከምእመናን መዋጮ ወይስ ከሀገረ ስብከቱ ይምጣ የሚለውን በየቁምስናው ተወያይታችሁ ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።